ከጠፋው ክፍል የመጣ ድምፅ

ሻዩ በዳፍኒ ክራውዘር እጅ ውስጥ እንዳለ ቀዘቀዘ። ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ተንበርክኮ የድምፅ ማጉያ ገመድ ከሚቀጥለው ሰው ላይ ዓይኗን መንቀል አቅቷታል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ትከሻው ጎበጥ ብሏል። ግን እጁ ሥራ ሲይዝ ምላሱን በጥርሶቹ መሐል ነከስ ያደርጋል። በዓለም ላይ እንዲህ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች።

አሌክ ሰግደን።

«ምን ሆንሽ ዳፊ? ፊትሽ ወረቀት መሰለ እኮ» አለቻት ታላቅ እህቷ ሙሪየል፣ ብስኩቷን ሻይ ውስጥ እየነከረች።

«ሙቀቱ ነው።»

«ሙቀት? በዚህ ዝናብ? እኔ ካፖርቴን ማውለቅ ፈርቼ ተቀምጫለሁ፣ አንቺ ሙቀት ትያለሽ!»

ሙሪየል ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ትንሽ ራቅ ያለ ሰው አትለይም። ዳፍኒ እንዲህ በመሆኑ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ በደስታዋ አፈረች።

በእንግሊዟ የስካርቦሮ ከተማ ባሕር ዳር ባለው በዚያ አሮጌ ሆቴል የተሰበሰበውን ሰው ሁሉ ያመጣው አንድ ፍቅር ነው፤ «ሄስፐር ጣቢያ» የሚባለው የድሮ የጠፈር ድራማ። በስድሳዎቹ ዓመታት የዮርክሻየር አውራጃ ልጅ ሁሉ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከሶፋ ጀርባ ተደብቆ በአንድ ዓይኑ ያየው ነበር። የጣቢያው ግድግዳ ካርቶን ስለነበር ኮማንደሩ በር በዘጋ ቁጥር ይወዛወዛል። የጨረቃ ጭራቆቹ የለበሱት ምንጣፍ እንደሆነ ያስታውቃል። ቢሆንም ያስፈራል። ድራማውን ያሠራው ኩባንያ ግን ባዶ ቴፕ ስለተወደደበት አብዛኛውን ክፍል አጥፍቶ የእግር ኳስ ቀድቶበታል። ከብዙው ክፍል የተረፈው ተመልካቾች በየሳሎናቸው ማይክሮፎን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠው የቀረጹት ድምፅ ብቻ ነው። ዛሬ ሙሪየል ቦርሳዋ ውስጥ እንዲህ ያለ ቴፕ ይዛ መጥታለች። ከጣሪያው ሥር ያለውን ዕቃ ስታራግፍ አግኝታው፣ የድራማው አፍቃሪዎች ማኅበር የጠፉ ክፍሎችን እንደሚፈልግም በጋዜጣ ተነቦላት፣ ለእህቷ ልደት ያሰበችው ስጦታ ይህ ነበር።

ዳፍኒ መምጣት አልፈለገችም። እህቷን ላለማሳዘን ብላ መጣች እንጂ ድራማውን ካየችው አርባ ዓመት አልፏል። ምክንያቱ ደግሞ ያ ገመድ የሚቀጥለው ሰው ነው።

የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ ኤድጋር ክራውዘር በሃሊፋክስ ትልቅ የምንጣፍ ፋብሪካ ነበራቸው፤ የከተማው እኩሌታ እንጀራውን የሚያገኘው ከእሳቸው ነው። አሌክ የአንድ ሱቅ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበር። በጓሮ በር ይገባል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ይሠራል፣ ይሄዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ቀን «ሄስፐር ጣቢያ» እየታየ ነበር፤ «ምስሉ እስኪረጋ ልጠብቅ» ብሎ ዳፍኒ ካለችበት ሶፋ ጀርባ ቆመ። ጭራቁ ብቅ ሲል አባቷ፣ «ያ ምንጣፍ የኔ ፋብሪካ ሥራ ነው!» ብለው ጮኹ፤ ሁለቱ ወጣቶች ሳቃቸውን ለመዋጥ ሲታገሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ከዚያ ወዲህ አሌክ ሠርቶ ሲወጣ ከቴሌቪዥኑ የውስጥ አምፖሎች አንዷን ላላ አድርጎ ይተዋል። ቴሌቪዥኑ ሳምንቱን ሙሉ ደህና ሰንብቶ ልክ ቅዳሜ ሲሆን ይጠፋል።

«ይሄ ቴሌቪዥን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰይጣን ይጥለዋል እንዴ?» ይላሉ አባቷ። «ያን ልጅ ጥሩት እስቲ።»

ልጁ ይጠራል።

አንድ ቀን ግን አሌክ፣ «የፊታችን ቅዳሜ በጓሮ አልመጣም። በፊት ለፊቱ በር መጥቼ አባትሽን እጠይቃለሁ። እሺ ካሉ እሰየው፣ እምቢ ካሉም አውስትራሊያ እንሄዳለን» አላት። ቅዳሜ ደረሰ። ዳፍኒን ኃይለኛ ትኩሳት ጥሏት ፎቅ ላይ ተኝታ ቀረች። አሌክም አልመጣም። ከሕመሟ ተነሥታ ሱቁ ስትሄድ ባለሱቁ፣ «ልጁማ አውስትራሊያ ሄደ፤ ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም» አላት። ከዚያ በኋላ ዳፍኒ ለማንም ልቧን አልከፈተች። አባቷ ሞቱ፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ሁለቱ እህትማማቾች በዚያ ሰፊ ቤት ውስጥ አብረው አረጁ።

ሙሪየል ቴፑን ለማኅበሩ ሊቀ መንበር ለመስጠት ስትነሣ አሌክ ወደ ሻዩ ጠረጴዛ መጣ። ቀና ሲል አያት። እጁ የወተቱ ማንቆርቆሪያ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ሚስ ክራውዘር» አለ በመጨረሻ።

«ሚስተር ሰግደን።»

«ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። እርስዎስ?»

«ደህና። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ከአውስትራሊያ፣ ከአዴሌድ ተመለስኩ፤ ልጄ ሊድስ ከተማ ነው የምትኖረው። የማኅበሩን መሣሪያ የማየው እኔ ነኝ።» ትንሽ አመነታ። «ባለቤትዎ አብረው አልመጡም?»

«ባል የለኝም። አግብቼም አላውቅ።»

ግንባሩ ተቋጠረ። «የሊስተር ልጅስ?»

«የሊስተር ልጅ ምን?»

«ምንም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሻዩን ሳይቀዳ ዞሮ ሄደ። ዳፍኒ ጉንጯ በእፍረት ተቃጠለ። ጥሏት የሄደ ሰው፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ደግሞ ማን አገባሽ ብሎ ይመረምራታል? ይበልጥ ያናደዳት ግን ድምፁን ስትሰማ ልቧ እንደዚያን ጊዜው መዝለሉ ነበር።

* * *

ሊቀ መንበሩ ኸርበርት ፒክልስ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። የሄስፐርን ብርማ የደንብ ልብስ ለብሷል፤ ቁልፎቹ ሆዱ ላይ ሊፈናጠሩ ደርሰዋል።

«ወዳጆቼ! ዛሬ ጉድ ነው የመጣላችሁ። የሃሊፋክሷ ሚስ ሙሪየል ክራውዘር ያመጡልን ቴፕ ላይ ምን ተጽፎ እንዳገኘሁ ታውቃላችሁ? ‹የአመድ ድልድይ›! ከተላለፈበት ምሽት ወዲህ ማንም ያልሰማው ክፍል! ቀድሜ ልስማው ብዬ ነበር፤ ከናንተ ተለይቼ መስማት ግን ስርቆት መሰለኝ። አሁን አብረን እንሰማዋለን!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ዳፍኒ ግን ወንበሯ ላይ ደረቀች። የአመድ ድልድይ። ታማ የተኛችበት ቅዳሜ!

«ልውጣ» አለች።

ሙሪየል እጇን ያዘቻት። «ኧረ ቁጭ በይ! ያመለጠሽ ክፍል እኮ ነው። ስትድኚ ትሰሚው ብዬ በአባባ መቅረጫ ቀዳሁልሽ፣ አንቺ አልሰማም ብለሽ ዓይንሽን ጨፈንሽ። ይኸው ዛሬ እንኳን አብረን እንስማው፣ የኔ እህት።»

አሌክ ቴፑን ራሱ አጠመደው፤ ቁልፉንም ራሱ ተጫነው። መጀመሪያ የቴፑ ሽሽ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ያ የሚያንቀጠቅጥ የመግቢያ ሙዚቃ። ከሰው መሐል «እሰይ!» የሚል ድምፅ ወጣ፤ አንዲት አሮጊት ዓይኗን ጠረገች። ከሙዚቃው ኋላ የሳሎኑ ሰዓት ሲመታ፣ ሶፋው ሲጥ ሲጥ ሲል፣ ወጣቷ ሙሪየል ስትስል ይሰማል። ሰዉ በፍቅር ሳቀ። የሁሉም ቤት ቴፕ እንዲህ ነው።

ኮማንደሩ «ድልድዩ አይችለንም፤ አንድ ሰው መቅረት አለበት» ሲል የበር ደወል ጮኸ። የድራማው ደወል አልነበረም። እርምጃ ተሰማ። በር ተከፈተ።

«አቤት?» አለች ወጣቷ ሙሪየል፣ ከማይክሮፎኑ ራቅ ብላ፤ ግን ጥርት ባለ ድምፅ።

«ደህና አመሹ፣ ሚስ ሙሪየል። ሚስተር ክራውዘርን ለማነጋገር ነበር።»

ዳፍኒ ወዲያው ለየችው። ድምፁ የሃያ አራት ዓመቱ አሌክ ድምፅ ነው።

«አባቴ ክለብ ናቸው። ቴሌቪዥኑም ዛሬ ደህና ነው፤ ማንም አልጠራህም።»

«ለቴሌቪዥኑ አይደለም የመጣሁት። ዳፍኒ ታውቃለች። እባክዎ ይጥሩልኝ።»

ለጥቂት ጊዜ የኮማንደሩ ንግግር ብቻ ተሰማ። ከዚያም፦

«ዳፍኒ ናት አንተን ሸኚልኝ ብላ የላከችኝ። የባለጸጋውን የሊስተርን ልጅ ልታገባ ነው፤ ነገሩ አልቋል። ስላንተ ጠየቅናት፤ ሳቀች። ‹ጠጋኙ ልጅ የምሩን ነው እንዴ?› አለች።»

«ሳቀች?»

«ሳቀች። በል አሁን ሂድ፣ ጎረቤት ሳያይህ።»

በሩ ተዘጋ። ከሩቅ፣ ከፎቅ፣ በትኩሳት የሻከረ ድምፅ መጣ። «ሙሪየል! ማነው?»

«ማንም አይደለም! ጋዜጣ አዳዩ ነው። ተኚ!»

ከዚያ ወጣቷ ሙሪየል ማይክሮፎኑ አጠገብ አፏን አፍና ስታለቅስ ተሰማች። ድራማው ቀጠለ። ድልድዩ እየፈረሰ ነበር።

በአዳራሹ ውስጥ ፒክልስ ብርማ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። አሌክ ጣቱን ማጥፊያው ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ግን አልተጫነውም፤ አፉን ከፍቶ ዳፍኒን ያያታል።

ዳፍኒ ያችን የትኩሳት ማታ አስታወሰች። ጣሪያው ሲዞር፣ ደወሉ ሲጮኽ፣ ራሷ «ማነው?» ስትል። ጠይቃ ነበር። መልሱንም አምና ተኝታ ነበር። ያን ጊዜ እሱ ገና የደጃፉ ደረጃ ላይ ነበር።

የሙሪየል እጅ አሁንም እጇ ውስጥ ነው።

* * *

«ማይክሮፎኑን ረስቼው ነበር» አለች ሙሪየል፣ ለራሷ እንደምትናገር። «የዚያን ቀኑን ነገር ሁሉ... ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር።»

ዳፍኒ እጇን ቀስ ብላ አወጣች። «ለምን?»

«ዳፊ፣ ሰው እያየን ነው...»

«ይየን! ለምን ነው ያልኩሽ?»

ሙሪየል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማማ ከሞተች ወዲህ አባባ ጠጥተው ሲመጡ ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር ታውቂያለሽ። አንቺን ይወዱ ነበር፤ አንቺ ስትገቢ ይበርዱ ነበር። እኔን ግን... አንቺ ከሄድሽ እኔ ከእሳቸው ጋር ብቻዬን ልቀር ነው። በሩን ስከፍት እንዲህ እላለሁ ብዬ አላሰብኩም። እምልልሻለሁ አላሰብኩም! ቆቡን በእጁ ይዞ ሳየው አፌ ብቻውን ተናገረ።»

«ብትነግሪኝ ይዤሽ እሄድ ነበር።»

«ሙሽራ እህቷን ይዛ ባሕር ትሻገራለች?»

«እሻገር ነበር! አንቺን ጥዬ የምሄድ መሰለሽ?» የዳፍኒ ድምፅ ተሰበረ። «ደግሞስ ስንት ሌሊት ትራሴ ላይ ሳለቅስ ሻይ አፍልተሽ አምጥተሽልኛል፣ ሙሪየል? አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ ‹ወንድ እንዲህ ነው፣ ተይው› እያልሽ ፀጉሬን ስትዳብሺ... ስታጽናኚኝ...»

ውሸቱን ይቅር ማለት ይቻል ይሆናል። ያን ሻይ ግን ምን ታድርገው? በሕይወቷ ሙሉ ከቀመሰችው ደግነት ሁሉ የጣፈጣት ያ ነበር፤ አሁን ጉሮሮዋ ውስጥ ወደ መርዝ ሲለወጥ ተሰማት።

ካፖርቷን እንኳ ሳታነሣ ወደ ዝናቡ ወጣች።

የባሕሩ ማዕበል ግንቡን እየመታ ይረጫል። የተጠበሰ ዓሣና ድንች የሚሸጠው ሱቅ ባዶ ነው። ከኋላዋ የሚሮጥ እርምጃ ሰማች፤ ካፖርቷ ትከሻዋ ላይ አረፈ።

«ሚስ ክራውዘር፣ ብርድ ይመታዎታል...»

ዞረች። «ሳቀች ሲሉህ አመንክ?»

አሌክ ደነገጠ። «አንተ» ካለችው አርባ ዓመት አልፏል።

«በር ላይ የተወረወረችልህን አንዲት ቃል ይዘህ ባሕር ተሻገርክ? አንድ ጊዜ እንኳ ከአፌ ልስማው አላልክም? ከሶፋው ጀርባ ስትቆም ልቤ ሲመታ ይሰማህ ነበር እኮ፣ አሌክ! አንተው ነህ የነገርከኝ!»

«ያ ቤት» አለ አሌክ፤ ዝናቡ ፊቱ ላይ ይወርዳል፣ አልጠረገውም። «ያ ቤት ገና ሳልገባ ጫማዬን ያስወልቀኝ ነበር። አንቺን ማጣት የምፈራው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። እንደዚህ ያለች ልጅ እንዴት የኔ ትሆናለች እያልኩ፣ አንድ ቀን ትነቃና ትስቅብኛለች እያልኩ። ስለዚህ ሳቀች ሲሉኝ ለማመን አንድ ትንፋሽም አልፈጀብኝ። ስጠብቀው የኖርኩት ሳቅ ነበር፣ ዳፍኒ። በሰላሙ ቀን እንኳ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።»

«እኔ እኮ ያን ሌሊት ሙሉ አንተን ስጠራ ነው ያነጋሁት።»

አሌክ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አለቀሰ። ዳፍኒ ወንድ ልጅ እንዲህ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም፤ አባቷ ብርጭቆ ይሰብሩ ነበር እንጂ አያለቅሱም። ቁጣዋ የት እንደገባ ሳታውቅ እጆቹን ከፊቱ ላይ አነሣቻቸው።

«ሚስትህን ትወዳት ነበር?» አለችው ድንገት።

«እወዳት ነበር። ደግ ሴት ነበረች። አልዋሽሽም።»

«እንዳትዋሸኝ። ውሸት ሰልችቶኛል።»

«አልዋሽሽም። ልጄንም በምንም አልለውጣትም።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ግን አዴሌድ ውስጥ የሰው ቴሌቪዥን ስጠግን፣ ሠርቼ ስጨርስ፣ እጄ ሁልጊዜ አንዷን አምፖል ሊያላላ ይሄድ ነበር። ሁልጊዜ። እየመለስኩ አጠብቃት ነበር።»

ዳፍኒ ሳቀች። ሳቁ ከየት እንደመጣ አላወቀችም፤ ከእንባዋ ጋር ተቀላቅሎ ወጣ። አሌክ ያን ሳቅ ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ። በእሱ ላይ የሳቀችው አልነበረም፤ ለእሱ ነበር።

* * *

ከሰዓት በኋላ ባቡር ጣቢያው ላይ ሙሪየል ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ትንሿን ሻንጣ ጉልበቷ ላይ አድርጋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። «ብቻዬን እሄዳለሁ» ብላ ለፒክልስ ነግራው እሱ ነው በታክሲ ያመጣት። ዳፍኒ ደረሰችባትና አጠገቧ ቆመች። አልተቀመጠችም።

«የዓይንሽን ጠብታ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«ሊድስ ላይ ባቡር ትቀይሪያለሽ፤ የጣቢያውን ሰው ያዙኝ በይው፣ በኩራት ዝም ብለሽ እንዳትደናበሪ።»

«እሺ።» ሙሪየል ቀና ብላ ወደ እህቷ ፊት አየች፤ ጥላውን ብቻ ነው የምታየው። «አትመጪም?»

«አልመጣም።»

«እሱ... አለ?»

«አለ። እዚያ ቆሟል።»

ሙሪየል ወደ ተባለው አቅጣጫ ዞረች። «ሚስተር ሰግደን» ብላ ተጣራች። አሌክ ቀረበ። «እኔ... ለእርስዎ የምለው ቃል የለኝም።»

«እኔም ዛሬ የምመልሰው የለኝም፣ ሚስ ሙሪየል» አለ አሌክ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሻንጣዋን አነሣላት።

ባቡሩ ገባ። በሩ ላይ ሙሪየል የእህቷን እጅጌ ያዘች። «ይቅር ትይኛለሽ?»

«ዛሬ አልችልም።»

«ነገስ?»

«ነገ ደውዪልኝ። የሆቴሉን ቁጥር ታውቂያለሽ። ስልኩን አነሣለሁ። ምን እንደምልሽ ግን አላውቅም። ልጮኽብሽ እችላለሁ።»

«ጩኺብኝ» አለች ሙሪየል። «ብቻ አንሺው።»

ዳፍኒ የእህቷን አንገት ልብስ አስተካከለችላት። እጇ በልማድ ሄደ፤ ከሄደ በኋላ ልትመልሰው አልፈለገችም። ግን አልሳመቻትም።

ባቡሩ ተነቃነቀ። የእህቷ ነጭ ራስ ከመስኮት መስኮት እያለፈ ራቀ። አሌክ የዳፍኒን ክንድ ያዘ፤ ሁለቱም ተያይዘው አግዳሚው ላይ ዘፍ አሉ።

«አሞሻል?» አላት።

«አይ።»

«ምን ሆንሽ ታዲያ? እየተንቀጠቀጥሽ ነው።»

ዓመታቷ ሁሉ እንደ አንድ ቀን ነበሩ፤ የነገውን አስቀድማ ታውቀው ነበር፣ የሚወሰድባትም ነገር አልነበረም። አሁን የዚህ ሽማግሌ ሰውዬ ሙቀት በካፖርቷ በኩል ክንዷን ሲያሞቀው፣ መታመም እንዳለ፣ መሞት እንዳለ፣ በአንድ ቃል መለያየት እንዳለ ትዝ አላት።

«ፈራሁ» አለችው። «አሌክ፣ ነገን ፈራሁት።»

እሱም ዞሮ አያት፤ ዓይኑ ውስጥ ያው ፍርሃት ነበር። ክንዷን አጥብቆ ያዘው።